በቤት ኔትወርክ የሚጋራ ዲስክ ፋይል አልከፍት ባለ ጊዜ

አንድ ቤተ ሰብ ፎቶግራፉን፣ የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ፣ የቤቱን ካርታና የውሉን ቅጂ ሁሉ በአንድ ኮምፒዩተር ትልቅ ዲስክ ላይ አከማችቶ፣ ያንኑ ዲስክ በዋይፋይ አማካይነት ለቀሩት ላፕቶፖችና ስልኮች ማጋራት ከጀመረ ወዲህ፣ ዲስኩ ተራ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የቤቱ ቤተ መዛግብት ይሆናል። ቤተ መዛግብትም ያለ ሥርዐት አይጸናም፤ ማን እንደሚያነብ፣ ማን እንደሚጽፍ፣ ማን እንደሚሰርዝ ያልተወሰነበት መዝገብ ውሎ አድሮ መበላሸቱ አይቀርም። ኮምፒዩተሩ ይህን ሥርዐት የሚያስከብረው ለእያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር በተጻፈው ፈቃድ ነው፤ ነገር ግን ፈቃዱ በስሕተት ሲጻፍ ወይም ሳይታወቅ ሲለወጥ፣ ትናንት የተከፈተው ፋይል ዛሬ እንቢ ይላል፤ እናት ራስዋ ያስቀመጠችውን ፎቶግራፍ ከላፕቶፕዋ ሆና ማየት ትከለከላለች፤ ልጁም የጻፈውን የቤት ሥራ መልሶ ማስቀመጥ ያቅተዋል።

እንዲህ ያለ እንቢታ ሲያጋጥም ብዙ ሰው፣ ዐዋቂ የተባለውም ጭምር፣ ፈጥኖ የሚሰጠው መድኃኒት አንድ ነው፤ ይኸውም በፈቃዱ ዝርዝር ውስጥ «ኤቭሪዋን» የሚለውን የሁሉ ስም አስገብቶ «ፉል ኮንትሮል» የተባለውን ሙሉ ሥልጣን መስጠት ነው። መድኃኒቱ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ በሽታው ግን የት እንደ ነበረ ሳይታወቅ ይቀራል። ከዚህም በላይ፣ ፋይል ቈልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በአንዱ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ቢገባ፣ ላፕቶፑ መጻፍ የተፈቀደለትን ሁሉ ቫይረሱም መጻፍ ስለሚችል፣ የቤተ ሰቡን መዝገብ በሙሉ በአንድ ሌሊት ሊቈልፈው ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምመክረው መንገድ ጥቂት ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ እንቢ ያለው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መርምሮ ማወቅ፣ ከዚያም ለሚገባው ሰው የሚገባውን ያህል ብቻ መፍቀድ። ምሳሌው ዲስኩ በዊንዶውስ 10 ወይም በዊንዶውስ 11 ኮምፒዩተር ላይ እንዳለ ተደርጎ የተጻፈ ነው፤ ዲስኩ በሊኑክስ ወይም በራውተር ላይ ለሆነበት አንባቢ የሚሆነውን ወደ መጨረሻው እጨምራለሁ።

ሁለቱ በሮች

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር፣ ዊንዶውስ በኔትወርክ የመጣን ሰው በሁለት በር የሚያሳልፈው መሆኑ ነው። ወደ አንድ ትልቅ ግቢ የሚገባ እንግዳ የውጭው በር አጋፋሪ ካሳለፈው በኋላ የእልፍኙ አጋፋሪ ደግሞ እንደ ገና እንደሚጠይቀው ሁሉ፣ እዚህም የውጭው በር ፎልደሩ በተጋራ ጊዜ የተጻፈው የማጋሪያ ፈቃድ ሲሆን፣ የእልፍኙ በር ደግሞ በዲስኩ ላይ ከፋይሉ ጋር አብሮ የተጻፈው ፈቃድ ነው። ይህን ሁለተኛውን የሚጠብቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የወጣው ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዐት ነው።

ከሁለቱ ፈቃዶች ጥብቅ የሆነው ይጸናል። የውጭው በር «ማንበብ ብቻ» ካለ፣ የእልፍኙ በር ሙሉ ሥልጣን ቢሰጥ ከንቱ ነው፤ የውጭው በር ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶ የእልፍኙ ቢከለክልም ውጤቱ ያው ክልከላ ነው። በኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ግን ቀድሞውኑ በግቢው ውስጥ እንዳለ ስለሚቈጠር የውጭው በር አይመለከተውም። ለምርመራችን ሁሉ መሠረት የሚሆነው ይህ የመጨረሻው ነገር ነውና አንባቢው በልቡ ይያዘው።

አንደኛ፤ እንቢታውን በትክክል ማንበብ

ፋይል አልከፍት ያለ ሁሉ ፈቃድ አጥቶ አይደለም። በማስታወቂያው ላይ የሚታየውን ቁጥር በወረቀት ይጻፉ፤ ከቁጥሩ ብዙ ነገር ይታወቃልና። 5 የሆነ እንደ ሆነ እውነተኛ የፈቃድ ክልከላ ነው። 53 ከሆነ ግን ላፕቶፑ ዲስኩ ያለበትን ኮምፒዩተር ጭራሹን አላገኘውም፤ በሩ ድረስ ያልደረሰ ሰው ተከለከልኩ ሊል አይችልም። 1326 የስም ወይም የይለፍ ቃል ስሕተት ነው። 32 ያ ፋይል በሌላ ፕሮግራም ተከፍቶ መያዙን፣ 112 ዲስኩ መሙላቱን ያመለክታል። በፋይሎች መስኮት ላይ ቁጥሩ 80070035 ሆኖ ቢታይ አያስደንግጥዎ፤ መጨረሻው ላይ ያለው 35 በአሥራ ስድስት መደብ የተጻፈ 53 ነው፤ ሦስት ጊዜ አሥራ ስድስት ሲደመር አምስት ማለት ነው። በዚሁ ዐይነት 80070005 ያው 5 ቁጥር ነው።

ቁጥሩ 53 ከሆነ ፈቃዱን አይንኩ። ይልቁንም ሁለቱ ኮምፒዩተሮች በአንድ ራውተር ላይ መሆናቸውን፣ ዲስኩ ያለበት ኮምፒዩተር እንቅልፍ አለመያዙን፣ በኔትወርክ ቅንብሩም ውስጥ የቤቱ ዋይፋይ «ፐብሊክ» ሳይሆን «ፕራይቬት» ተብሎ መመዝገቡን ይመልከቱ፤ «ፐብሊክ» በተባለ ኔትወርክ ላይ የዊንዶውስ ፋየርዎል የፋይል ማጋሪያውን 445 ቁጥር በር ይዘጋዋል። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቍጥር ራውተሩ ለኮምፒዩተሮቹ አዲስ አድራሻ ሊያድል ስለሚችል፣ ዲስኩን በቁጥር አድራሻ ሳይሆን በኮምፒዩተሩ ስም መጥራት፣ ወይም በራውተሩ ቅንብር ውስጥ ለዚያ ኮምፒዩተር የማይለወጥ አድራሻ መመደብ ይገባል።

ሁለተኛ፤ በኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ መሞከር

ቁጥሩ 5 ከሆነ ዲስኩ ወዳለበት ኮምፒዩተር ይሂዱና የተከለከለው ሰው በዚያ ላይ ባለው በራሱ መለያ እንዲገባ አድርገው ያንኑ ፋይል እንዲከፍት፣ አንዲት ቃል ጨምሮ እንዲያስቀምጥ ይንገሩት። እዚያም ከተከለከለ ጥፋቱ ያለ ጥርጥር በእልፍኙ በር ነው፤ ወደ አምስተኛው ክፍል ይለፉ። እዚያ ሠርቶ በኔትወርክ ብቻ የሚከለከል ከሆነ ግን፣ ወይ የውጭው በር ዘግቶታል፣ ወይ ኮምፒዩተሩ ሰውየውን በሌላ ስም ዐውቆታል። ይህ አጭር ሙከራ የምርመራውን ግማሽ ስለሚጨርስ፣ ቸኩሎ የፈቃድ መስኮት ከመክፈት በፊት ሊታለፍ አይገባውም።

ሦስተኛ፤ በምን ስም እንደ ታወቁ መጠየቅ

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ጥያቄ ይህ ስለ ሆነ በዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ መጻፍ እወዳለሁ። ኮምፒዩተር የሰውን መልክ አያውቅም፤ የሚያውቀው በራሱ መዝገብ የተጻፈውን ስምና የይለፍ ቃል ብቻ ነው። በላፕቶፑ ላይ ያለው የልጅዎ መለያና ዲስኩ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ያለው የልጅዎ መለያ፣ ስማቸው አንድ ቢሆንም፣ ለዊንዶውስ ሁለት ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው። ስማቸውም የይለፍ ቃላቸውም በትክክል አንድ ከሆነ ብቻ ኮምፒዩተሩ ሳይጠይቅ ያሳልፈዋል፤ ከዚህ የተነሣ በአንዱ ላይ የይለፍ ቃል የለወጠ ልጅ በማግሥቱ ከዲስኩ ቢባረር የሚያስገርም አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ በየቤቱ የሚታዩ ሦስት መሰናክሎች አሉ። የመጀመሪያው ባዶ የይለፍ ቃል ነው፤ ዊንዶውስ የይለፍ ቃል የሌለውን መለያ በኮምፒዩተሩ ፊት ላለ ሰው ሲፈቅድ በኔትወርክ ግን ስለማይቀበለው 1327 የሚል ቁጥር ያወጣል፤ መድኃኒቱ ለመለያው የይለፍ ቃል ማውጣት ነው። ሁለተኛው ፒን ነው፤ ላፕቶፑን በየዕለቱ የሚከፍቱበት ባለ አራት ወይም ባለ ስድስት አኃዝ ፒን ለዚያው ላፕቶፕ ብቻ የተሠራ ስለ ሆነ በኔትወርክ አያገለግልም፤ ስምና የይለፍ ቃል በተጠየቁ ጊዜ የመለያውን ሙሉ የይለፍ ቃል መጻፍ ያስፈልጋል። ሦስተኛው የማይክሮሶፍት አካውንት ነው፤ በዚህ ዐይነት መለያ የሚጠቀም ሰው በስም ቦታ ላይ በስክሪኑ የሚታየውን አጭር ስሙን ሳይሆን ሙሉ የኢሜይል አድራሻውን መጻፍ አለበት።

አዲሱን የይለፍ ቃል በትክክል ጽፈው እንኳ ዊንዶውስ አሮጌውን ይዞ ሊከራከር ይችላል፤ አንድ ጊዜ የተነገረውን የይለፍ ቃል ለወደ ፊቱ ያኖራልና። በላፕቶፑ «ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ክሬደንሺያል ማኔጀር» የሚለውን፣ ቀጥሎም «ዊንዶውስ ክሬደንሺያልስ» የሚለውን ይክፈቱና በኮምፒዩተሩ ስም ተመዝግቦ የሚገኘውን ያስወግዱ። ሌላው የዚሁ ወንድም 1219 ቁጥር ነው፤ ዊንዶውስ ከአንድ ላፕቶፕ ወደ አንድ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ በሁለት ስም መግባትን አይፈቅድም፤ ጥዋት በአባት ስም የተከፈተ ግንኙነት ሳይዘጋ ማታ በልጅ ስም ልግባ ቢሉ ይህን ቁጥር ያወጣል። በትእዛዝ መጻፊያው መስኮት ላይ በላቲን ፊደል «ኔት ዩዝ» ብሎ መጻፍ ያሉትን ግንኙነቶች ያሳያል፤ ከዚያው ትእዛዝ ቀጥሎ የኮከብ ምልክትና ያዘነበለ መስመር (/) ከ«ዲሊት» ቃል ጋር ቢጽፉ ሁሉንም ይዘጋቸዋል። ስለዚህ አስቀድመው የተከፈተውን ሥራ ሁሉ ያስቀምጡ። ትእዛዝ መጻፍ ያልለመደ ሰው ላፕቶፑን አጥፍቶ ቢያበራውም በቂ ነው።

ኮምፒዩተሩ እንግዳውን በምን ስም እንደ ተቀበለው በዐይን ለማየትም መንገድ አለ። ዲስኩ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ «ኮምፒዩተር ማኔጅመንት» የሚለውን ከፍተው «ሼርድ ፎልደርስ» ከሚለው ሥር «ሴሽንስ» የሚለውን ቢጫኑ፣ በዚያች ሰዓት የገቡት ሁሉ ከነስማቸው ተዘርዝረው ይገኛሉ። ልጅዎ ከላፕቶፑ ገብቶ ሳለ በዝርዝሩ ላይ የታላቅ እኅቱ ስም ወይም «ጌስት» የሚል ከታየ ምስጢሩ ተገኝቷል፤ ፈቃዱ በትክክል ተጽፎ ሳለ ሰውየው በሌላ ሰው ስም ይመላለስ ነበር ማለት ነው።

በእንግዳ ስም ያለ ይለፍ ቃል መግባትን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ዊንዶውስ 11 ፕሮ ከ24ኤች2 እትም ጀምሮ እንዲህ ያለውን አገባብ በራሱ ስለሚከለክል፣ ለዓመታት ያለ ይለፍ ቃል ሲከፈት የኖረ የራውተር ዲስክ ከዝማኔው በኋላ በድንገት እንቢ ሊል ይችላል። ክልከላውን ከማንሣት ይልቅ በራውተሩ ዲስክ ላይ ስምና የይለፍ ቃል ማውጣት ይሻላል። እንዲሁም ኤስኤምቢ 1 የተባለው አሮጌው የፋይል ማጋሪያ ቋንቋ ከ2017 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ በዊንዶውስ 10 አዲስ ጭነት ላይ አብሮ አይመጣም፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በብዙ አገሮች ያሉትን ኮምፒዩተሮች የቈለፈው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተሰራጨው በዚሁ ቋንቋ ቀዳዳ ነበረ። አሮጌ ዕቃ ለማስከፈት ሲባል ይህን መልሶ ማብራትን አጥብቄ እቃወማለሁ።

አራተኛ፤ የውጭውን በር መመርመር

የተጋራውን ፎልደር ራይት ክሊክ አድርገው «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ሼሪንግ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ ሼሪንግ»፣ በመጨረሻም «ፐርሚሽንስ» የሚለውን ይክፈቱ። በዚህ መንገድ በተጋራ ፎልደር ላይ ዊንዶውስ መጀመሪያ የሚጽፈው ለሁሉም «ሪድ»፣ ማለት ማንበብ ብቻ ነው። ፋይሉ ይከፈታል፣ ማስቀመጥ ግን አይቻልም የሚል አቤቱታ በብዙ ቤት የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። የሚገባው አሠራር «ኤቭሪዋን» የሚለውን አስወግዶ የቤተ ሰቡን መለያዎች በየስማቸው ማስገባትና ለሚጽፉት «ቼንጅ» የሚለውን መፍቀድ ነው። «ፉል ኮንትሮል» በኔትወርክ ለሚመጣ ሰው አያስፈልግም፤ እርሱ የሚጨምረው ፈቃድን ራሱን የመለወጥ ሥልጣን ነውና።

በዚሁ ገጽ ላይ «ሼር» የሚል አጭር መንገድም አለ። በርሱ ሲጠቀሙ ዊንዶውስ ሁለቱንም በሮች በአንድ ጊዜ ስለሚለውጥ የትኛው በር ምን እንደ ተባለ ለማወቅ ያስቸግራል፤ ስለዚህ በአንዱ መንገድ ጀምረው በዚያው ይጨርሱ።

አምስተኛ፤ የእልፍኙ በር

በዚያው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሴኩሪቲ» የሚለውን ሲከፍቱ የስሞችና የፈቃዶች ዝርዝር ይመጣል። ከፈቃዶቹ ለቤት የሚያስፈልጉት ሁለት ናቸው፤ ለሚያነብ ሰው «ሪድ ኤንድ ኤክሲኪዩት»፣ ለሚጽፍ ሰው «ሞዲፋይ»። አንዳንድ ጠንቃቃ ወላጅ ልጆቹ እንዳይሰርዙ ብሎ «ራይት» የሚለውን ብቻ ፈቅዶ «ሞዲፋይ»ን ይነሣል፤ ሐሳቡ ቅን ቢሆንም እንደ ዎርድ ያለው ፕሮግራም የሚያስቀምጠው አዲስ ጊዜያዊ ፋይል ጽፎ አሮጌውን በማንሣትና ስሙን ለአዲሱ በመስጠት ስለ ሆነ፣ መሰረዝ ያልተፈቀደለት ሰው የራሱን ጽሑፍ እንኳ ማስቀመጥ ያቅተዋል፤ ፎልደሩም በጊዜያዊ ፋይል ይሞላል። እንዳይሰረዝ የሚፈለገው መዝገብ ለማንበብ ብቻ በተፈቀደ ሌላ ፎልደር ይቀመጥ።

«ዲናይ» የሚለውን የክልከላ ዐምድ በተቻለ መጠን አይንኩት። ዊንዶውስ ፈቃድን የሚመዝነው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ አስቀድሞ በፋይሉ ላይ በቀጥታ የተጻፈ ክልከላ፣ ቀጥሎ በቀጥታ የተጻፈ ፈቃድ፣ ከዚያ ከላይኛው ፎልደር የተወረሰ ክልከላ፣ በመጨረሻ የተወረሰ ፈቃድ። አንድ ሰው በብዙ ማኅበር ውስጥ ሊቈጠር ስለሚችል፣ «ዩዘርስ» ለተባለው ማኅበር የተጻፈች አንዲት ክልከላ የቤቱን አስተዳዳሪ ሳትቀር ልታስወጣ ትችላለች። ለማይገባው ሰው ፈቃድ አለመጻፍ ይበቃል፤ ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ነውና።

ዝርዝሩ ተወሳስቦ ካስቸገረዎ «አድቫንስድ» ከሚለው ውስጥ «ኢፌክቲቭ አክሰስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ የሰውየውን ስም መርጠው ውጤቱን ቢጠይቁ፣ ዊንዶውስ ራሱ ሁሉን ደምሮና ቀንሶ የትኛው እንደ ተፈቀደና የትኛው እንደ ተከለከለ ያሳይዎታል። በ«ጀነራል» ገጽ ላይ «ሪድ ኦንሊ» ከሚለው አጠገብ ባለችው ሳጥን ውስጥ የምትታየው ምልክት ግን ከዚህ ነገር ጋር ግንኙነት የላትም። በፎልደር ላይ ዘወትር የምትታይ ናት፤ ምልክቷን ለማጥፋት ሲደክሙ የሚውሉ ሰዎች ድካማቸው በከንቱ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ወደ ሚደናገርበት ነገር እንምጣ። በአንድ ፎልደር ውስጥ ካሉት ፎቶግራፎች መካከል የሚበዙት ተከፍተው ጥቂቶቹ ብቻ የሚከለከሉበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ፋይሎቹ ወደዚያ በመጡበት መንገድ ነው። በዚያው የዲስክ ክፍል ላይ ከአንድ ፎልደር «ከት» ተደርጎ ወደ ሌላ የተዛወረ ፋይል የቀድሞ ፈቃዱን እንደ ያዘ ይሄዳል፤ «ኮፒ» የተደረገው ግን አዲስ የተፈጠረ ስለ ሆነ የደረሰበትን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል። አባት ከግል ፎልደሩ ቈርጦ ወደ ጋራው ያዛወረው ፎቶግራፍ ስለዚህ በጋራው ፎልደር ውስጥ እያለ የአባት ብቻ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ በላይኛው ፎልደር «ሴኩሪቲ»፣ «አድቫንስድ» ገጽ ግርጌ ላይ፣ ከሥር ያሉት ሁሉ ፈቃዳቸው ተሽሮ ከዚህ ፎልደር እንዲወርሱ የምታዝዘውን ሳጥን ምልክት አድርጎ «አፕላይ» ማለት ነው። ይህች ሳጥን ከሥር ላለ የግል ፎልደር የተጻፈውንም ልዩ ፈቃድ ትሽራለችና፣ እንዲህ ያለ ፎልደር ካለ አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ያውጡት። ለወደ ፊቱም ወደ ጋራው ፎልደር የሚገባ ነገር ሁሉ ኮፒ ተደርጎ ይግባ፤ ዋናው ከዚያ በኋላ ይሰረዝ።

ስድስተኛ፤ ባለቤትነት

ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ ባለቤት ይመዘግባል፤ ባለቤትም በፈቃዱ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ባይኖር እንኳ ዝርዝሩን መለወጥ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ከአሮጌ ኮምፒዩተር የወጣ ዲስክ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሲገጠም ወይም ዊንዶውስ እንደ ገና ሲጫን ነው። በዚያን ጊዜ በዝርዝሩ ውስጥ በሰው ስም ፈንታ «ኤስ-1-5-21» ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ይታያል፤ ይህ የቀድሞው ኮምፒዩተር ለቀድሞው መለያ የሰጠው መታወቂያ ነው፤ አዲሱ ኮምፒዩተር መዝገቡ ስለሌለው በስም ሊተረጕመው አይችልም። የመለያ ስምዎ ያው የድሮው ቢሆንም ቁጥሩ ሌላ ነውና ባለቤት አይደሉም።

በአስተዳዳሪ መለያ ገብተው በ«አድቫንስድ» ገጽ አናት ላይ «ኦውነር» ከሚለው አጠገብ ያለውን «ቼንጅ» ይጫኑ፤ ስምዎን ጽፈው፣ ባለቤትነቱ ከሥር ላሉት ሁሉ እንዲተላለፍ የምታዝዘውን ሳጥን ምልክት አድርገው «አፕላይ» ይበሉ። መስኮቱን ዘግተው እንደ ገና ከከፈቱ በኋላ ቀድሞ እንደ ተነገረው ፈቃዱን ይጻፉ። ይህን ግን ቤተ ሰቡ ባከማቸው ፎልደር ላይ ብቻ ያድርጉት፤ ዊንዶውስ ባለበት በሲ ድራይቭ በሙሉ ላይ የሚያደርግ ሰው ኮምፒዩተሩን ራሱን ያሳምመዋል።

ዲስኩ በኤግዝፋት ወይም በፋት32 የተዘጋጀ ከሆነ «ሴኩሪቲ» የሚለው ገጽ ጭራሹን አይታይም፤ እነዚህ ሥርዐቶች ፈቃድ የሚጻፍበት ቦታ የላቸውምና ያለው በር የውጭው ብቻ ነው።

ዲስኩ በሊኑክስ ላይ ሲሆን

በራውተር ላይ የተሰካ ወይም ራሱን የቻለ የቤት ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ የሚሠራው ሊኑክስና እ.ኤ.አ. በ1992 አንድሩ ትሪጅል የተባለ አውስትራልያዊ የጀመረው ሳምባ የተባለ ፕሮግራም ነው። እዚህም ሁለት በር አለ፤ የሳምባ ቅንብርና የሊኑክስ የፋይል ፈቃድ። ሊኑክስ ፈቃድን በቁጥር ይጽፋል፤ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ ወይም ወደ ፎልደር መግባት 1 ሆኖ፣ ድምሩ በቅደም ተከተል ለባለቤቱ፣ ለማኅበሩና ለቀረው ሰው ይሰጣል። 770 የተጻፈበት ፎልደር ባለቤቱና ማኅበሩ ሙሉ መብት ያላቸው፣ ሌላው ግን የማይገባበት ነው። በፊቱ 2 ተጨምሮ 2770 ቢሆን ደግሞ በውስጡ የሚፈጠረው ሁሉ የፎልደሩን ማኅበር ስለሚወርስ ለቤተ ሰብ የሚስማማው ይህ ነው።

በሳምባ በኩል ሦስት ነገር ይመርመሩ። የሳምባ የይለፍ ቃል ከሊኑክሱ የተለየ መዝገብ አለው፤ አንዱን መለወጥ ሌላውን አይለውጥም። ሳምባ ካልታዘዘ በቀር እያንዳንዱን የተጋራ ፎልደር ለማንበብ ብቻ ያደርገዋል። አዲስ ፋይልም በራሱ ልማድ 0744 በሚል ወሰን ስለሚፈጥር፣ አንዱ ልጅ የጻፈውን ሌላው ማንበብ እንጂ ማረም አይችልም፤ «ክሪኤት ማስክ» የሚለውን ወደ 0660፣ «ዳይሬክተሪ ማስክ» የሚለውንም ወደ 2770 መለወጥ ይህን ያቃናዋል። ሊኑክስ ባለቤትን የሚያውቀው በቁጥር ነውና በደብያንና በኡቡንቱ የመጀመሪያው ተጠቃሚ 1000 ነው፤ ዲስኩ ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወር በዚያ 1000 የሆነው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ባለቤት ሆኖ ይገኛል። በኤንቲኤፍኤስ የተዘጋጀ ዲስክ መብራት በድንገት ሲጠፋ በአግባቡ ሳይዘጋ ከቀረ ደግሞ ሊኑክስ ለማንበብ ብቻ ሊከፍተው ይችላል፤ ይህም የፈቃድ ጕድለት ይምሰል እንጂ አይደለም፤ ዲስኩን ከዊንዶውስ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ በዚያ ማስመርመርና በሥርዐት ማውጣት ያስፈልጋል።

ሥራውን ከፈጸሙ በኋላ

አዲስ ማኅበር የተጨመረለት ሰው ወጥቶ እንደ ገና እስኪገባ ድረስ ዊንዶውስ የሚያውቀው አሮጌውን ማኅበሩን ብቻ ስለ ሆነ፣ ከመሞከርዎ በፊት በሁሉም ላፕቶፕ ላይ «ሳይን አውት» ብለው ይመለሱ። ከዚያ በእያንዳንዱ ሰው ስም አንድ ፋይል ይፍጠሩ፣ ሌላ ሰው የፈጠረውን ያርሙ፣ ስሙን ይለውጡ፣ በመጨረሻም ይሰርዙ፤ አራቱ ሁሉ በየራሳቸው ፈቃድ የሚሄዱ ናቸውና አንዱ መሥራቱ ስለ ቀሩት ማረጋገጫ አይሆንም። የማይፈቀድለት ሰውም በእውነት መከለከሉን ደግሞ ይሞክሩ።

የተጋሩትን ፎልደሮች ስም፣ በእያንዳንዱ በር ለማን ምን እንደ ተፈቀደ፣ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነና የተለወጠበትን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ያኑሩ። ወደ ባለሙያ መሄድ ግድ ቢሆንብዎም የስሕተቱን ቁጥርና ይህንኑ ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ የይለፍ ቃልዎን ግን በዚያ ላይ አይጻፉ።